የቴፒው ቤት መጋረጃ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ሚዛን እንደ ልማዱ እየዘነበ እንደሚሆን አውቃለሁ። መጀመሪያ እጅሽን አድርቂና አንብቢ።

«ለምን አይደውሉልኝም?» ብለሽ ላክሽብኝ። አትደንግጪ እንጂ ልንገርሽ። እንቅርቱ ወጥቶልኛል፤ ቁስሉም እየጠገገ ነው። ድምፄ ግን አብሮት ሄደ። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ይታገሡ» አለኝ። አፌን ስከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እኅቴ ራሔል እንኳ የምትረዳኝ ከንፈሬን እያየች ነው። ስልክ ላይ ፊደል ልልቀም ብል ዓይኔ ይፈዛል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንጨዋወት። ኸይሩ አውቶቡሱን ይዞ ሲመላለስ ያደርስልናል፤ የሰፋሽውንም ያመጣልኛል።

የላክሽልኝን የትራስ ልብስ አየሁት። ስፌቱ ቀጥ ብሏል፤ ዚፑም በማይታየው ጎን ገብቷል። ግን ጨርቁን ሳታጥቢ ነው የቆረጥሽው። ራሔል አጥባ ብታሰጣው ተኮማትሮ ትራሱ አልገባ አለ። ጥጥ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በካውያ ይተኮሳል፣ ከዚያ ነው መቀስ የሚነካው። ይህን ስነግርሽ ሦስተኛዬ ነው፤ አሁን ደግሞ ጽፌልሻለሁና አልሰማሁም አትይም።

ከሸኮ መጥተሽ ቤቴ ስትገቢ መርፌ አያያዝ አታውቂም ነበር። ለተማሪነት የተቀበልኩሽ ልጅ ምራቴ ልትሆኝ ነው፤ እግዚአብሔር ሥራው ብዙ ነው። ግንቦት ላይ ለሠርጋችሁ ካልቆምኩ ሰው አይበሉኝ። እስከዚያው አንቺ እኔ ቤት፣ ልጄ ባስልኤል አጎቱ ጥበቡ ዘንድ ይደር። ሳቅሽ አይደል? እየሳቅሽም ቢሆን እሺ በይ።

ከሠርጉ በኋላ ለምትገቡበት ለቴፒው ቤት ሌላ ሰፊ እጁን እንዳያስገባ። መጋረጃውን፣ የትራሱን፣ የአልጋውን ልብስ አንቺው ትሰፊዋለሽ። እኔ ከዚህ ሆኜ እነግርሻለሁ። ቤቱ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ።

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

ስለ ድምፅዎ ያለውን ሳነብ አለቀስኩ። ወረድ ብዬ ስለ ትራሱ የጻፉትን ሳነብ ደግሞ ሳቅኩ፤ አጠገቤ ቆመው የተቆጡኝ ነው የመሰለኝ። ጨርቁን አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ዝናቡ አልለቅ ብሎኝ ከጣሪያው ክዳን በታች ገመድ ወጥሬ ነው።

ቤቱን አየነው። ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ ተለስኗል። መስኮቱ ሦስት ነው። የሳሎኑ ወደ መንገዱ ያያል፤ የመኝታ ቤቱ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ወደተጠመጠመበት ዛፍ። ባስልኤል የውሃ ፓምፕ የሚጠግንበት አዲሱ ሥራው ከዚያ ቅርብ ነው። ሦስቱም መስኮት እኩል ይመስላሉ፤ ልኩን በዓይኔ ገምቼ ከዚህ ጋር አድርጌልዎታለሁ። ለውስጥ ስስ ነጭ፣ ለላይ አረንጓዴ አስቤያለሁ። እሱ ሰማያዊ ይላል።

የስፌት ሱቅዎ ደህና ነው። ደንበኞችዎ «እሷ መቼ ትመጣለች?» ነው የሚሉኝ፤ ለእኔ የሚሰጡኝ የአንሶላ ጠርዝ መዘምዘም ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አቅቶኛል። የሶፋ ትራስ ስሰፋ አራቱ ጥጎች ሹል ሆነው እንደ ፍየል ጆሮ ይቆማሉ። ምን ላድርግ?

ተማሪዎ ዲቦራ

እማዬ፣ ብዕሩን ነጥቄያት ነው። አንድ ቤት ስንት ትራስ እንደሚያስፈልገው ንገሪያት። እኔ የማውቀው ራሳችን ሁለት መሆኑን ነው፤ እሷ ግን ሰፍታ ሰፍታ እኔ የምተኛበት ሳይጠፋ አይቀርም። ስለ ድምፅሽ አትጨነቂ። እስኪመለስ ድረስ በአንቺ ፋንታ ጎረቤቱን የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ትናንት ጀምሬያለሁ። ሐኪም የሰጠሽን ዋጪ። ልጅሽ ባስልኤል።

———

አዲስ አበባ
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

ያን ቀበጥ ልጄን ሳነበው ሳቅኩ። ሳቄም ድምፅ የለውም። ራሔል ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይታ የማለቅስ መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ እሷ በድምፅ ሳቀችልኝ።

የፍየሉን ጆሮ እንዲህ አድርጊ። ጨርቁን ስትቆርጪ ጥጉን ሙሉ አራት ማዕዘን አትተዪው፤ ወደ ጫፉ ስትደርሺ በትንሹ ወደ ውስጥ አጥብቢው። ገልብጠሽ ስፖንጁ ሲገባ ጥጉ ራሱ ይሞላል። ልብሱን ከስፖንጁ ጠበብ አድርጊው፤ ሰፊ ከሆነ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይጨማደዳል።

ስለ መስኮቱ የላክሽው ልክ ግን አላማረኝም። ሦስቱም እኩል ናቸው? ስንት ዘመን መጋረጃ ስሰቅል እኩል መስኮት ያለው የጭቃ ቤት አላጋጠመኝም። ላዩ ሌላ፣ ታቹ ሌላ ነው። በዓይን የተገመተ መጋረጃ ሲሰቀል አንዱ ያጥራል፣ አንዱ መሬት ይጠርጋል፤ የቴፒ እርጥበት ደግሞ መሬት የነካ ጨርቅ በአንድ ክረምት ያሻግታል። ባስልኤል ሜትሩን ይዞ ሄዶ እያንዳንዱን ለየብቻ ይለካ። የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን እጥፍ ይሁን፤ አለበለዚያ ሽብሽቡ አይወርድም። የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ ቶሎ አትስፊው። ወስውሰሽ ስቀይው፣ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ ከዚያ ነው የሚታጠፈው።

ስለ እኔ ደግሞ ልንገርሽ፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አለብሽ ተብያለሁ። እንቅርቱ ውስጥ ነቀርሳ ተገኝቶ የቀረ ነገር አለ አሉ። ከዚያ በፊት ደሜ መስተካከል አለበት፤ ይብሉ፣ ይተኙ፣ አይናደዱ ይሉኛል። አይናደዱ የሚለው ነው የከበደኝ።

ለአረንጓዴው እስማማለሁ። ሰማያዊውን ለሱ ትራስ አድርጊለት።

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።

የትራሱ ጥግ እንዳሉት ተስተካክሏል። ሁለቱን ልኬያለሁ።

የመስኮቶቹ ልክ ደርሶኛል። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ሦስቱም ይለያያሉ። የሳሎኑ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። የመኝታ ቤቱ በአንድ በኩል ያዘነብላል። ስሱን ጨርቅ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቆርጫለሁ።

ባስልኤል ለሥራ ቱም ከተማ ሄዷል። የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ይህንን እንድጽፍልዎ ጋሽ ጥበቡ ነግረውኛል።

ይብሉ፣ ይተኙ። ስለ እኛ አያስቡ።

ዲቦራ

———

አዲስ አበባ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

ምን ነካሽ? ደብዳቤሽ እንደ ቴሌግራም አጠረብኝ። አሞኝ ነበር ብለሽ ምን እንደሆነ አልጻፍሽም። ወባ ከሆነ መድኃኒቱን ሳትጨርሺ አትተዪ፤ አንቺ ሲሻልሽ መተው ትወጃለሽ።

ትራሶቹ አምረዋል። ራሔል ሶፋዋ ላይ አድርጋቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር «የምራታችን ሥራ ነው» ትላለች።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ ከልጄ አንድ ቃል የለም። ቱም ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከቱም ሰው አይመጣም? ለገበያ የሚወጣ መኪና የለም? በቁራጭ ወረቀት «ደህና ነኝ» ብሎ ይላክ። ደብዳቤሽ ግርጌ ላይ ያን ቧልቱን ፈልጌ አጣሁት።

ኸይሩም ተለወጠብኝ። ሌላ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጥቶ፣ የሚዛንን ወሬ በሙሉ አራግፎልኝ ነበር የሚሄደው። አሁን ጥቅሉን በር ላይ ለራሔል ሰጥቶ «ተራ ይዣለሁ» ብሎ ወጣ። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩለት፤ አቀርቅሮ አለፈ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና በእውነት መልሽልኝ። ከባስልኤል ጋር ተጣልታችኋል? ሠርግ ሲቃረብ ወንድ ልጅ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል፤ አባቱም እንዲያው ነበር። በዚህ ተቀይሞ ቱም ሄዶ ከሆነ ደብቀሽ አታስጨንቂኝ።

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወሰንየለሽ፣

ወባ አይደለም። አሁን እየበላሁ ነው።

የአልጋ ልብሱን ጨረስኩት። ገበሩን እንዳስተማሩኝ ከላዩ አጠር አድርጌ ቆረጥኩት፤ እንዳይንሸራተት መሐል መሐሉን በመስቀልኛ ሰፋሁት። አንድ ቦታ ክሩ ጠብቆብኝ ጨርቁ ተኮማተረ፤ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። የስፌት መኪናው ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ ስለተለወጠ ዘይት አጠጣሁት። የመጋረጃውን ሽብሽብ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። እጥፋቱ እኩል አልሆን እያለኝ ነበር። በኋላ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ በስፒል ይዤ፣ ወስውሼ ስሰፋው እሺ አለኝ። ከሱ ቁራጩን ልኬልዎታለሁ፤ አይተው ይንገሩኝ።

ሥራ ስለበዛብኝ ጥሩ ነው። ጠዋት ሱቁን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ።

ኸይሩ መንገዱ አስቸግሮት ይሆናል።

አልተጣላንም እትዬ። ባስልኤል ከእኔ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ብቆጣው እንኳ ያስቀኝ ነበር። እባክዎ ስለሱ ክፉ አያስቡ። አሁንም ቱም ነው።

ዲቦራ

———

አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

ሽብሽቡ እኔ የሠራሁት ይመስላል። ይህን ብዬ የስፌቱን ነገር ልተወው፤ ዛሬ ልቤ ሌላ ጋ ነው።

አንቺ ደግ ልጅ ነሽ፤ ደግ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል። ስለ መጋረጃው ገጽ ሙሉ ትጽፊያለሽ፤ ስለ ልጄ ስትደርሺ እጅሽ ይያዛል። ራሔልን ስጠይቃት ድስት አረረብኝ ብላ ትነሣለች። ጥበቡ በስልክ «ደህና ነው፣ አንቺ ለጤናሽ አስቢ» ብሎ ይዘጋል። ሁላችሁም የምትሸፍኑልኝ አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኛል። ትቶሻል። ሌላ ሴት ወዶ፣ የሽማግሌዎችን ቃል አፍርሶ፣ እኔን ፊት ለፊት ማየት አፍሮ ቱም ተደብቋል።

እንደዚያ ከሆነ ስሚኝ። አባቱ ከሞተ በኋላ በዚህ መርፌ ያሳደግኩት ልጅ ነው። የሰው ልጅ ተስፋ አስቆርጦ እንዲኖር አይደለም ያሳደግኩት። ልቤ አዝኖበታል። የዛሬ ሳምንት ቀዶ ጥገና እገባለሁ። መውጣቴን የሚያውቀው ላይ ያለው ነው። ሳልመርቀው እንደምገባ ንገሪልኝ። ይህን ሰምቶ ካልመጣ ልጅ አልወለድኩም።

አንቺን ግን አልተውሽም። እሱ ቢተውሽም የእኔው ነሽ።

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ወሰንየለሽ፣

ኸይሩ ጎህ ሲቀድ ስለሚነሣ እየቸኮልኩ ነው።

ባስልኤል አልተወኝም። ሌላ ሴት አልወደደም፣ ቃሉን አላፈረሰም፣ ከእርስዎም አልተደበቀም። እንደሱ የወደደኝ ሰው የለም። እንደሱ እናቱን የሚወድ ልጅም አላየሁም።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ቀዶ ጥገና ከመግባትዎ በፊት ይመርቁት። በስሙ ጠርተው ይመርቁት። አዝነውበት አይግቡ። ምንም አላጠፋም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጻፊ የተባልኩትንም ከእንግዲህ አልጽፍም።

ዲቦራ

———

አዲስ አበባ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

ነግረውኛል። አንቺ ግን ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር።

ያን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው በሕይወት ላለ ሰው እንደዚያ አድርጎ ምርቃት አይለምንም። ኸይሩ ለምን ሻይ አልጠጣም እንዳለ፣ ራሔል ለምን ጓዳ ለጓዳ እንደምትዞር፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ለራሔል አላሳየኋትም። ካወቅኩ ቀዶ ጥገናው ይቀራል ብላ ትሸበር ነበር፤ እኔም ከልጄ በኋላ ለምን እንደምድን አላውቅም ነበርና ሕክምናው ይቅርብኝ ብላቸው እነሱም እሺ ባሉኝ። አንቺ ግን መጋረጃውን ለብቻሽ ይዘሽ ተቀምጠሻል። ለዚያ ስል ገባሁ።

መርቄዋለሁ። ድምፅ ባይኖረኝም በስሙ ጠርቼ መርቄዋለሁ። ይህን እወቂልኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ጥቂት እንዳገገምኩ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ራሔል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ጥበቡ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገባና «ወሰንየለሽ፣ እንግዲህ አንቺ ጠንካራ ነሽ» ብሎ ጀመረ። እንዳይደክም ብዬ ወረቀት ሳብኩና «አውቃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ወንድሜ ወረቀቱን እንደያዘ መሬት ቁጭ አለ።

ከዚያ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ራሔል ጮኸች፣ ጎረቤት ጮኸ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሰው ሁሉ ለልጄ እያለቀሰ እናቱ ብቻ ዝም አልኩ።

አሁን ይቆይ አትበዪኝ፤ ሁሉንም ጻፊልኝ። ወዴት ሲሄድ ነበር? መስኮቱን ሄዶ ይለካ ያልኩት ደብዳቤዬ ደርሶት ነበር? ማን አነሣው? የት ነው የተቀበረው? አንቺስ አለቀስሽ?

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሁሉንም እጽፍልዎታለሁ።

ቅዳሜ ነበር፣ ኅዳር መጨረሻ። ደብዳቤዎ ደርሶት ነበር። አነበብኩለት፤ «አላልኩሽም? እማዬ ከአዲስ አበባ ሆና መስኮቱ መጣመሙን ታያለች» ብሎ ሳቀብኝ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሰፊ አንጠልጥሎ በሞተር ሳይክሉ ቴፒ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ደወለልኝና እያንዳንዱን መስኮት ላይና ታቹን ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ። የመኝታ ቤቱን ሲለካ ስልኩን በጥርሱ ይዞ ነው መሰለኝ አልሰማው አለኝ፤ «ድገምልኝ» አልኩት፤ ደገመልኝ። ዝናብ ስላለ እዚያው እደር ብዬው ነበር። «እሑድ ከአንቺ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልሄድ አይደል?» አለኝና ተነሣ።

ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ አንሸራተተው። ከቡና ማሳ የሚመለሱ ገበሬዎች ናቸው ያነሱት። አልተሠቃየም ብለውኛል። ሄጄ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እውነታቸውን ነው። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አልብሰውት ነበር፤ አጥቤ መለስኩላቸው።

እርስዎ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ደብዳቤዎ ባይመጣም ይሄድ ነበር ብዬ ልምልልዎ አልችልም። እኔም ሂድ ብየዋለሁ። ደስ ብሎት እንደሄደ ግን እምላለሁ። ያን ቤት ይወደው ነበር፤ ሰበብ ሲያገኝ እየሄደ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይመለስ ነበር።

ከአባቱ ጎን ነው የተቀበረው። ያጠቡት ጋሽ ጥበቡ ከጓደኞቹ ጋር ሆነው ነው። የፓምፕ ጥገና ጓደኞቹ በሥራ ልብሳቸው መጥተው ሬሳውን ተሸከሙ። ብዙ ሰው ነበር፤ ከእርስዎ መጋረጃ ያሰፋ ሁሉ መጥቷል።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጥበቡና የንስሐ አባትዎ ጠሩኝ። «ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ሳታልፍ ከሰማች እሷንም እንቀብራለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንዲያውም የባስልኤልን የእጅ ጽሑፍ አስመስዬ ሁለት መስመር እንድጨምር ለምነውኝ ነበር። እሱን እንቢ አልኩ።

ቱም ያልኩት ውሸት ነው። ስለ ጨርቁ ግን አንድም ውሸት አልጻፍኩልዎትም። ሰፋሁ ያልኩዎትን ሁሉ ሰፍቻለሁ። ሌላ የምጽፈው እውነት ስላልነበረኝ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ፤ ከዚያ የሰፋሁትን እጽፍልዎታለሁ። እንዲህ ስል የቤቱ ዕቃ ሁሉ አለቀ። መጋረጃው፣ የአልጋው ልብስ፣ የሶፋው ትራስ፣ ሰማያዊው ትራስም ሳይቀር። ቤቱን አከራዩ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን ሱቁ ውስጥ ተደርድሮ አለ። ባለፈው እዚሁ ቅርብ ካለው ከሸዋ ቤንች አንዲት ሙሽራ መጥታ አየችው፤ «የሰው ነው?» አለችኝ። መልሼ አጣጠፍኩት። ተመልሳ እመጣለሁ ብላለች። ምን ልበላት?

ዲቦራ

———

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዲቦራ፣

እውነቱን ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይሄድ ነበር ብለሽ ባለመማልሽ ደግሞ ይበልጥ አመንኩሽ። ደስ ብሎት ሄደ ያልሽውን ይዤ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን ያስተኛኛል፤ አንዳንድ ቀን አያስተኛኝም።

መጋረጃውን ለሙሽራይቱ ስጫት። ሰው ያልኖረበት ጨርቅ ብል ነው የሚበላው። ግን መስኮቷ እንደዚያ አይሆንም፤ መጀመሪያ ለኪና ጠርዙን ፈትተሽ አስተካክይላት። ሰማያዊውን ትራስ ብቻ ለእኔ አስቀሪው።

ስለ ራስሽ ልንገርሽ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ያሰረሽ ቃል ነበር፤ ቃሉን ሞት ፈታው። ቀለበቱን አውልቂ አልልሽም፣ አታውልቂ አልልሽም። ሸኮ እናትሽ ዘንድ ልመለስ ካልሽ አልቀየምሽም። የስፌት መኪናውን ይዘሽ ሂጂ፤ ያንቺ ነው። አንድ ቀን ሌላ ቤት ትገቢያለሽ፤ ያን ቀን በሕይወት ካለሁ የዚያንም ቤት መጋረጃ አብረን እንሰፋለን።

እኔን ሐኪሙ አሰናብቶኛል። ከነቀርሳው ነፃ ነሽ ይላሉ። ድምፁ ግን አይመለስም፤ አሁን ቁርጡን ነግረውኛል። ግንቦት መግቢያ ላይ በኸይሩ መኪና እመጣለሁ። ለሠርግ ብዬ የነበረው ወር ነው።

መምጣቱን ግን ፈርቼዋለሁ። ጥበቡ ድንኳን አስተክላለሁ ብሏል፤ ልቅሶው እንደ አዲስ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው የእናቱን ድምፅ ይጠብቃል። እናት እንዴት ሳትጮህ ከልጇ መቃብር ትደርሳለች? ዝም ብዬ ስቆም ሰው ምን ይለኛል? እሱስ ምን ይለኛል?

ወሰንየለሽ

———

ሚዛን ተፈሪ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

መጋረጃውን ሸዋ ቤንች ወስጄ ራሴ ሰቀልኩላት። መስኮቷ አጭር ሆኖ ጠርዙን ፈታሁት፤ እንዳስተማሩኝ አንድ ቀን ተንጠልጥሎ እንዲውል ትቼው በማግስቱ ተመልሼ አጠፍኩት። ሙሽራይቱ ስትከፍተው ስትዘጋው ቆየች። ቡና ጠጪ አለችኝ፤ ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ዳር ጥቂት ተቀምጬ ነው የተመለስኩት።

ሰማያዊውን ትራስ አልጋዎ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሸኮ አልመለስም። እናቴ ልትወስደኝ መጥታ ነበር። ከእኔ ጋር ሰንብታ፣ ሱቁን አይታ፣ «የጀመርሽውን ጨርሺ፤ ሴትየዋም ብቻዋን ናት» ብላኝ ሄደች። የሶፋ ልብስ አቆራረጥ ገና አላስተማሩኝም። ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል፤ አልችልም እያልኩ እመልሳለሁ። ለማስተማር ድምፅ አያስፈልግም፤ ዘንድሮ ያስተማሩኝ ሁሉ በወረቀት ነው።

ቀለበቱን አላወለቅኩም። አንድ ቀን አወልቀው ይሆናል። ያኔ ለእርስዎ ነግሬ ነው።

ባለፈው ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎ ያለፍኩት ነገር አለ። «አንቺስ አለቀስሽ?» ብለውኝ ነበር። የቀብሩ ቀን እጮኛ የት እንደምትቀመጥ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ሚስት አይደለሁም፤ ዘመድ አይደለሁም። ከኋላ፣ ከጎረቤቶች ጋር ቆምኩ። ከፊት ያሉት ደረታቸውን እየመቱ ሲጮኹ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ አድርጌ ነበር። በኋላም ለእርስዎ ስለ ሽብሽብና ስለ ገበር የምጽፍ ሰው ነበርኩና ማልቀስ አልቻልኩም። ብጀምር ደብዳቤው ላይ ይታወቅብኝ ነበር።

ስለዚህ ሰው ምን ይለኛል ብለው አይስጉ። ከኸይሩ መኪና ሲወርዱ በሩ ሥር ቆሜ ያገኙኛል። ክንዴን ይያዙኝ፤ ከፊት አብረን እንሄዳለን። እስከ መቃብሩ አይልቀቁኝ። እኔ ጮኼ አለቅሳለሁ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ አለኝ።

ልጅዎ ዲቦራ